በሊሾው ላይ የተሣለው በር

«ተማሪው ፍላጎት የለውም» ሲባል በሰማሁ ቁጥር እስከ ዛሬ ደሜ ይፈላል። በቅርቡ አንድ የጎረቤቴ ልጅ፣ ኮሌጅ ውስጥ ንድፍ የሚያስተምር፣ ሳሎኔ ቁጭ ብሎ ይህንኑ ሲለኝ ሻዩን ሳይጨርስ ልሸኘው ምንም አልቀረኝም ነበር። «የእኔ ልጅ፣ ፍላጎቱን ከመመርመርህ በፊት የተቀመጠበትን ቦታ መርምር» አልኩት። ፈገግ ብሎ አየኝ። ሽማግሌ ሲናገር ፈገግ ብሎ ማለፍ የዛሬ ልጆች ጨዋነት መስሏቸዋል። እንግዲያው ጽፌ እሰጠዋለሁ፤ ጽሑፍን ፈገግ ብሎ ማለፍ ትንሽ ያስቸግራል።

መጀመሪያ ማን እንደሆንኩ ይታወቅ። በጃንሆይ ዘመን ማብቂያ ላይ በኮልፌና በአካባቢው የብረት በር ወይም የመስኮት ፍርግርግ ንድፍ የሚያወጣ ሰው ሲፈለግ የሚጠራው እኔ ነበርኩ። ማንም አላስተማረኝም። ጣሊያኖች ሠርተዋቸው የሄዱትን ቪላዎች እየዞርኩ፣ ከአጥሩ ማዶ መሬት ላይ ተቀምጬ፣ የበሮቹን ጥምዝ በከሰል እገለብጥ ነበር። ዘበኛው ያባርረኛል፤ በማግስቱ ተመልሼ የቀረውን እጨርሳለሁ። ፊደልም ቢሆን የቆጠርኩት በሱቅ ማስታወቂያ ላይ ነው። ዛሬ ይህን የምታነቡትን ዓረፍተ ነገር የጻፈው እጅ አንድ ቀን እንኳ ትምህርት ቤት ተቀምጦ አያውቅም። ስለዚህ ስለ ትምህርት ቤት ወንበር ስናገር ከማንም በላይ በነፃነት እናገራለሁ።

ስለ ሥራው ደግሞ አንድ ነገር ብቻ ማወቅ ይበቃል። የብረት በር የሚነደፈው መሬት ላይ ነው። በሩን በሙሉ ልኩ፣ ሊሾ ባልነው ልሙጥ የሲሚንቶ ወለል ላይ፣ በጠመኔ ትሥለዋለህ። ከዚያ የታጠፈውን ብረት መስመሩ ላይ ታስተኛዋለህ። ብረቱ ጠመኔውን ከሸፈነው ልክ ነው፤ ጠመኔው ከጎኑ ብቅ ካለ ተሳስተሃል። ሊሾ የሌለው የብረት ሠራተኛ፣ ሰሌዳ የሌለው አስተማሪ ማለት ነው።

ከኮልፌ ገበያ አለፍ ብሎ አንድ የእጅ ሥራ ትምህርት ቤት ነበር። ንድፍ የሚያስተምረው የውጭ አገር ሰው ወደ አገሩ ሲመለስ ዳይሬክተሩ ወደ ሥራ ቤቴ መጣና «ዲፕሎማ ያለው ሰው እስኪገኝ ድረስ አንተ ትሸፍናለህ» አለኝ። አንተ ነው ያለኝ። በዕድሜ ብንተካከል ነው፤ ግን እሱ ባሕር ማዶ ተምሮ የተመለሰ፣ ክራባቱ የማይላላ ሰው ነበረና አንተ ለእኔ፣ እርስዎ ለእሱ ሆነን ቀጠልን። ሄድኩለት። ለማስተማር እንደተፈጠርኩ ያወቅሁትም ያኔ ነው።

የሰጡኝ ክፍል አዳራሽ ይሉት ነበር። የግቢው ኩራት ነው። ወለሉ ጣውላ፣ ጣውላው በቀይ ሰም የተወለወለ፣ መልክህን የሚያሳይ። ወንበሮቹ ከጠረጴዛቸው ጋር የተያያዙ ባለ ሁለት ሰው፣ እያንዳንዳቸው በቡሎን ከወለሉ ጋር የታሰሩ፣ ሁሉም ፊታቸውን ወደ ሰሌዳው ያዞሩ። መስኮቱ ከሰው ቁመት በላይ ነው፤ ተማሪ ውጭ እንዳያይ ተብሎ። ስትገባ በር ላይ የተቆለለ ብጣሽ ብርድ ልብስ አለ። ሁለት ብጣሽ ከጫማህ ሥር ታደርግና እየተንሸራተትክ ወደ ቦታህ ትሄዳለህ፤ ሰሙም እንዳይበላሽ፣ በዚያውም እንዲወለወል። ብረት ሊማሩ የመጡ ጎረምሶች ሲንሸራተቱ ማየት ያሳዝናል። አንድ የልብስ ሰፊ ልጅ ነበር፣ ቀጭን፣ ረጅም፣ ከጎጃም ከመጣ ቤተሰብ የተወለደ። ሁልጊዜ ይወድቃል። በወደቀ ቁጥር ሌላው «ሰሙን እንዳትጭረው!» ብሎ እየጮኸ ይስቅበታል። በአዳራሹ ውስጥ የሰማሁት ሳቅ እሱ ብቻ ነው።

እዚያ ተቀምጠው በካሬ ደብተር ላይ መዳፍ የምታክል በር ይሥላሉ። መዳፍ የምታክል በር ምን ታስተምራለች? እጅ ከአንጓው በላይ አይንቀሳቀስም። ደግሞ ማን ምን እንደሠራ ማንም አያይም። ተማሪ ሙሉውን ሰዓት የሚያየው የፊተኛውን ማጅራት ነው። እኔ ስዞር ከወንበርና ከወንበር መካከል ጎኔ እንጂ ሙሉ ሰውነቴ አያልፍም። ጥያቄ ስጠይቅ ዝም። «ገባችሁ?» ስል በአንድ ድምፅ «ገብቶናል!»። ምንም አልገባቸውም። አንድ ቀን የልብስ ሰፊው ልጅ ካሬ ደብተሩ ላይ ተደፍቶ አንቀላፍቶ፣ የእርሳሱ ጥምዝ ጉንጩ ላይ ታትሞ ተነሣ። ከደብተሩ ይልቅ ጉንጩ ላይ ያምር ነበር።

በክፍሉ አንዲት ሴት ልጅ ብቻ ነበረች። አባቷ ገበያው ውስጥ ጨርቅ የሚነግዱ የታወቁ ሙስሊም ናቸው። እሷ ጥልፍ ትሠራለች፤ የጥልፍ ንድፍ ለማሻሻል ብላ ነው የገባችው። መጨረሻው ወንበር ላይ፣ ግድግዳው ሥር፣ ሻሿን አጥብቃ ትቀመጣለች። ወር ሙሉ ድምጿን አልሰማሁም።

ዳይሬክተሩ ዘንድ ሄድኩ። «ጌታዬ፣ ይህ ክፍል ለንድፍ አይሆንም» አልኩት።

«ከተማው ውስጥ እንዲህ ያለ ወለል ያለው ትምህርት ቤት ስንት ይመስልሃል?»

«ወለሉማ ቆንጆ ነው። የማይነካ ወለል ነው እንጂ።»

«ችግሩ ከክፍሉ አይደለም። ተማሪው ፍላጎት የለውም። ከየት የመጣ ልጅ እንደሆነ አታውቅም እንዴ?»

እኔም ከዚያው እንደመጣሁ ረስቶት ነው፣ ወይም አልረሳውም።

ከግቢው ጀርባ አንድ መጋዘን ነበር። የተሰበረ አካፋና ባዶ ጆንያ የሚጣልበት። ጆንያውን ገፋ አድርጌ ወለሉን አየሁ። ሊሾ! ከዳር እስከ ዳር፣ አንድ ስንጥቅ የሌለበት፣ የድሮ ሰው እጅ ያለፈበት ሊሾ። በሮቹ ሁለት ናቸው፣ ፊት ለፊት የተያዩ፤ ከሰዓት በኋላ ብርሃኑ በምዕራቡ በር ገብቶ በወለሉ ላይ ተኝቶ ያልፋል። ጠመኔ ብታሰምርበት ቆሞ ያወራሃል። መጋዘኑን ይስጡኝ እያልኩ ስጨቀጭቀው ሰነበትኩና ዳይሬክተሩ በመጨረሻ «እሺ፣ በተርሙ ማብቂያ ከዋናው መሥሪያ ቤት ትልቅ እንግዳ ይመጣል። ሥራውን አይቶ ከወደደው መጋዘኑ የንድፍ ክፍል ይሆናል። ካልወደደው ወደ አዳራሽህ ትመለሳለህ» አለኝ። ተስማማሁ። እኔ የምሠራውን አይቶ የማይወድ ሰው እስከዚያን ቀን አላጋጠመኝም ነበር።

መጋዘኑን ራሳችን ጠረግን። የትምህርት ቤቱ የግቢ በር የዛገ ቆርቆሮ ነበርና «የምንነድፈው እሱን የሚተካውን ነው» አልኳቸው። ሁለት ክንፍ ያለው፣ የእንሰት ቅጠል ቅርጽ ያለው በር፤ ሲዘጋ ቅጠሎቹ መሐል ላይ ይገናኛሉ። ቅጠሉን ያመጡት እነሱ ናቸው፤ ከጉራጌ ጎረቤቶቻቸው ጓሮ ሲያዩት ያደጉትን። እኔ እሺ አልኩ። ጥሩ ሐሳብ ሲመጣ ማወቅ ራሱ ትልቅ ችሎታ ነው።

የመጀመሪያው ቀን ጠመኔው በጫማ እንዳይደመሰስ «ጫማ አውልቁ» አልኩ። የካልሲ ቀዳዳ ታየ።

«አንተ፣ አውራ ጣትህ እኮ ሰላም እያለን ነው!»

«የአንተ ተረከዝ ጨረቃ መስሏል፣ ዝም በል!»

ሳቁ። አዳራሽ ውስጥ ሰው ወድቆ ካልሆነ የማይስቁት ልጆች! ከዚያ በጉልበታቸው ተንበርክከው መሣል ጀመሩ፤ ክንድ ከትከሻ ሲንቀሳቀስ ጥምዙ ራሱ ይመጣል። በክብ ቆመው አንዱ የአንዱን ያያል። የልብስ ሰፊው ልጅ፣ ያ እንቅልፋሙ፣ በሩ ዙሪያ እየዞረ «ይሄ ቅጠል ሆዱ ተነፍቷል» ይላል። የሣለው ልጅ «እንደ አጎትህ ነው» ይለዋል። «አጎቴስ በልቶ ነው፤ ቅጠልህ ምን በልቶ ነው?» ይደመስሳሉ፣ ይሥላሉ። እኔ ግድግዳ ተደግፌ አያለሁ። መቼ ዝም ማለት እንዳለበት የሚያውቅ አስተማሪ ጥቂት ነው፤ እኔ አንዱ ነኝ።

ልጅቷ ግን ዳር ላይ ቆመች። በረጅም ቀሚስ ከወንዶች መሐል መንበርከኩ አልሆነላትም። ሁለት ቀን እንዲሁ ቆመች። ሦስተኛው ቀን ረጅም ቀጭን ዘንግ ይዛ መጣች፤ ጫፉ ላይ ጠመኔ በክር አስራበታለች። ቆማ ሣለች። ከላይ ሆና ሙሉውን ስለምታየው የቅጠሉ መስመር ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው ሳይሰበር ሄደ።

«እህቴ፣ ይቺን ነገር አውሺኝ» አላት የልብስ ሰፊው ልጅ።

«ዘንግ ጠፋ? ዛፍ ሞልቶልሃል» አለችው። የመጀመሪያ ንግግሯ ይህ ነበር።

በማግስቱ ሁሉም ዘንግ ይዞ መጣ። እኔም አሠራሩን ወዲያው ተቀበልኩ፤ እስከ ዛሬ በሥራ ቤቴ የምጠቀመው እሱን ነው። ይህ ዘንግ አዳራሹ ውስጥ ሊወለድ ይችል ነበር? ከወለል ጋር ከታሰረ ወንበር ላይ? በፍጹም!

ትምህርቱ የሚጀምረው ከአሥር ሰዓት በኋላ ሲሆን፣ ከዘጠኝ ጀምረው በሩ ላይ ይጠብቁኝ ጀመር። ሲመሽ «ሂዱ» እያልኩ የማስወጣቸው እኔ ነኝ። ዳይሬክተሩ አንድ ቀን ብቅ ብሎ፣ ጠመኔ የነካውን የሱሪያቸውን ጉልበት አይቶ «ዱቄት ቤት መሰላችሁ» ብሎ ሄደ። ሥዕሉን አላየውም። ወደ ታች የማየት ልምድ አልነበረውም።

እንግዳው ቅዳሜ ጠዋት እንደሚመጣ ተነገረን። ዓርብ ማታ የበሩ ሥዕል አለቀ። ሁለቱ ክንፎች፣ ቅጠሎቹ፣ ማጠፊያው ሳይቀር፤ ነጭ በግራጫ ላይ። በመጋዘኑ አንደኛው በር ላይ ቆመው ሲያዩት ማንም መሄድ አልፈለገም። «ነገ ብረት እናስተኛበታለን፣ እንግዳው እያየ» አልኳቸው። ቆለፍኩና ቁልፉን ለዳይሬክተሩ መለስኩ፤ የግቢው ሥርዓት ነው።

ቅዳሜ ስደርስ የመጋዘኑ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። ከሩቅ የእርጥብ ሣር ሽታ ሸተተኝ። ገባሁ። ወለሉ ከዳር እስከ ዳር ቄጠማ ተጎዝጉዞበታል። የትምህርት ቤቱ ዘበኛ፣ ደግ ሽማግሌ ናቸው፣ መጥረጊያ ይዘው ላባቸውን እየጠረጉ ቆመዋል።

«አየህልኝ ልጄ? የሠርግ ቤት አላስመሰልኩትም?»

«አባባ... ወለሉን ምን አደረጉት?»

«ሌሊቱን ሙሉ በሳሙና ፈተግሁት። ጌታው ዳይሬክተሩ፣ እንግዳ ስለሚመጣ ይጽዳ ብለው አዘዙኝ። ልጆቹማ ከዳር ዳር ሞነጫጭረውት ነበር እኮ! ግን ለቀቀልኝ።»

ምን ልበላቸው? እንግዳ ሲመጣ ቤት ይታጠባል፣ ቄጠማ ይጎዘጎዛል። እንዲህ እያደረግን ነው ያደግነው ሁላችንም። «እግዜር ይስጥልኝ» አልኳቸው። ለእሳቸው ያልተናገርኩት ሁሉ ግን ወደ ዳይሬክተሩ ዞረ። ያዘዘውን ያውቅ ነበር? ወለሉ ላይ ምን እንዳለ ያውቅ ነበር? አላወቀም፤ ሳያይ አዘዘ። እሱ ነው እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ።

ልጆቹ መጡ። ቄጠማውን አዩ፣ እኔን አዩ። ልጅቷ ጫማዋን አወለቀች፣ ከሽማግሌው እጅ መጥረጊያውን «አባባ፣ ይቅርታ» ብላ ተቀበለችና ቄጠማውን ወደ ግድግዳው ትገፋ ጀመር። ሽማግሌው «ኧረ ልጄ! ኧረ ምን ነካሽ!» ይላሉ። ከሥሩ ሊሾው ርሶ ጠቁሯል። እርጥብ ሲሚንቶ ላይ ጠመኔ አይዝም። የልብስ ሰፊው ልጅ ኮቱን አወለቀ። አባቱ የሰፋለት የክት ኮት ነው፤ ለእንግዳው ብሎ የለበሰው። ተንበርክኮ ወለሉን በኮቱ ያደርቅ ጀመር። ሌሎቹም ጆንያ አመጡ። በደረቀው በደረቀው ላይ በሩን እንደገና ይሥሉት ጀመር።

እኔ አንድ መስመር አላሳየኋቸውም። ክንዳቸው ያውቀዋል! በአዳራሹ ውስጥ ያን ያህል ጊዜ «ገብቶናል» ያሉኝ አንድም ነገር ክንዳቸው ውስጥ አልነበረም፤ ይህ ግን ነበር። የግራው ክንፍ ግማሽ ደርሶ፣ ገሚሱ ልጅ በዘንግ፣ ገሚሱ ለመፍጠን ተንበርክኮ ሲሥል፣ እንግዳውና ዳይሬክተሩ በር ላይ ብቅ አሉ።

«ተነሡ!» አለ ዳይሬክተሩ። «እንግዳ ፊት ምን ዓይነት ነውር ነው!»

ተነሡ። ጉልበታቸው ርሶ ነጭ ሆኗል፣ እግራቸው ባዶ ነው። እንግዳው ባርኔጣቸውን አወለቁ። መልካቸው የዋህ፣ ድምፃቸው ለስላሳ ሰው ነበሩ።

«ልጆቼ» አሉ፣ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ፣ «ወንበር የላችሁም?»

የልብስ ሰፊው ልጅ እጅ ነሣ። «አለን ጌታዬ። አዳራሹ ውስጥ ሞልቷል። እኛ እዚህ ወለሉን ፈልገነው ነው።»

እንግዳው ወደ ዳይሬክተሩ ዞረው «ጨዋ ልጅ ነው፤ ችግሩን አይናገርም» አሉ።

እኔ ገባሁበት። «ጌታዬ፣ ችግር አይደለም። ወለሉ ሰሌዳችን ነው። ይመልከቱት፣ የቆሙበት የበሩ ክንፍ ነው።»

ወደ እግራቸው አላዩም። ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። «በሌለ ነገር ማስተማርዎ ያስመሰግንዎታል። ከእንግዲህ ግን እንዲህ አይቸገሩም።»

ዳይሬክተሩ ፊቱ በራ። «እኛም ስንጠይቅ የቆየነው ይህንኑ ነው ጌታዬ። እርስዎም ሲነግሩኝ ነበር፣ አይደለም?» አለ ወደ እኔ ዞሮ። እርስዎ! እንግዳ ፊት እርስዎ ሆንኩ። እኔ፣ ቃል አጥቼ የማላውቅ ሰው፣ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። እንግዳው ግማሹን ቅጠል ረግጠው ወጡ።

ወንበሮቹ ብዙም ሳይቆዩ በጭነት መኪና መጡ። አዲስ፣ ቀለማቸው ያልደረቀ፣ ባለ ሁለት ሰው። ሠራተኞቹ መሮና መዶሻ ይዘው ሊሾውን ይበሱ ጀመር። ለእያንዳንዱ የወንበር እግር አንድ ቀዳዳ። ያንን የድሮ ሰው ሊሾ! እየሮጥኩ ዳይሬክተሩ ቢሮ ገባሁ።

«ከምዕራቡ በር እስከ ምሰሶው ያለውን ብቻ ተዉልኝ። ሌላውን ሙሉት።»

«ክቡር እንግዳው ለቸሩት ወንበር ቦታ ልንከለክል? አንተ ምን ዓይነት ሰው ነህ? ወንበር ሲሰጥህ የምትጣላ!»

«የተሰጠኝ ወንበር አይደለም፣ የተወሰደብኝ ወለል ነው።»

«ያለ ወንበር የሚያስተምር ትምህርት ቤት የለም» አለና ስልኩን አነሣ። ማንም አልደወለለትም፤ እንድወጣ ነው።

ሰኞ ልጆቹ መጡ። በሩ ላይ ቆመው ወንበሮቹን አዩ። ከልምድ ጫማቸውን ሊያወልቁ ጎንበስ ያለው የልብስ ሰፊው ልጅ ቀና አለ። ገብተው ተቀመጡ፣ ሁሉም ወደ አንድ ፊት። ልጅቷ መጨረሻ ወንበር ላይ ሄደች። ዘንጓን የምታስቀምጥበት አጥታ ግድግዳ ላይ አስደገፈችው። ካሬ ደብተር ታደለ። ሥሉ አልኩ። ሣሉ። ድምፅ የለም። «ገባችሁ?» አልኩ፣ ልፈትናቸው ብዬ።

«ገብቶናል!» አሉ በአንድ ድምፅ።

ያችን ቃል ስሰማ ጠመኔዬን ኪሴ ከተትኩ። የማዕዘን መለኪያ ስኳድራዬን አነሣሁ። «እኔ እሄዳለሁ። ሥራ ቤቴ ከገበያው በታች ነው፤ ታውቁታላችሁ» ብዬ ወጣሁ። ዲፕሎማ ያለው ሰው ተገኘ። ከጊዜ በኋላ የንድፍ ትምህርቱ ጭራሹን ተዘጋ። ዳይሬክተሩ በወላጆች ስብሰባ ላይ ምክንያቱን ሲያስረዳ «ተማሪው ፍላጎት የለውም» ማለቱን የልጅቷ አባት መጥተው ነገሩኝ። ሳይሸማቀቅ ነው ያለው። ኮት አውልቆ ወለል ያደረቀን ልጅ ፍላጎት የለውም አለ!

ሥራ ቤቴ ያኔ ወለሉ አፈር ነበር። አፈር ላይ ጠመኔ አይዝምና እስከዚያ የምነድፈው በየደንበኞቼ ቤት ሊሾ ላይ ነበር። ለጣሪያ ብዬ ያስቀመጥኩትን ገንዘብ ለሲሚንቶ አዋልኩት። ሊሾውን በእጄ ለቀለቅሁት፣ በዚያ ሰፈር ከሱ የለሰለሰ አልነበረም፣ የሚጠራጠር ይምጣና ይዳስሰው፤ አሁንም አለ። ጣሪያው ሸራ ሆኖ ከረመ።

ሊሾው በደረቀበት ቅዳሜ ደጃፌ ላይ ቆሜ ነበር። መጀመሪያ የመጣው የልብስ ሰፊው ልጅ ነው። ከኋላው ሌሎቹ። ልጅቷ ከታናሽ ወንድሟ ጋር መጣች፤ ዘንጓ በእጇ ነው፣ ከዚያ ግድግዳ ማን እንዳወጣላት አልጠየቅኋትም። ማንም ሳይናገራቸው ደጁ ላይ ጫማቸውን አወለቁ።

«ጋሼ፣ ደርቋል?» አለኝ ልጁ።

«ግባና እየው።»

ገባ። በካልሲው ቆሞ ወለሉን ከዳር እስከ ዳር አየው። ከዚያ ተንበርክኮ፣ ከግራው ክንፍ፣ እንግዳው ከረገጡት ግማሽ ቅጠል ጀመረ።